እናቴ መንጋጋ ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ጉድጓዱን ነጭ ነገር ሸፍኖታል

ጥያቄ፦ ከ«ቀጋ»፣ ረቡዕ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የ61 ዓመት ሴት ናቸው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ስላለባቸው ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ፣ ለግፊቱ ደግሞ ኢናላፕሪል በየቀኑ ይወስዳሉ። ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ በግራ በኩል ያለውን የታችኛውን መንጋጋ ጥርሳቸውን አስነቅለው ወደ ቤት አመጣኋቸው። ጥርሱ ለወራት ሲያሠቃያቸው የቆየና አብዛኛው ተሰባብሮ ሥሩ ብቻ የቀረ ስለነበር አነቃቀሉ ቀላል አልነበረም፤ ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ለፍቶበታል። ስንወጣ የተነገረን ጎዙን ለአንድ ሰዓት ነክሰው እንዲቆዩና በዚያ ቀን ትኩስ ነገር እንዳይጠጡ ብቻ ነው። ብዙ ተራ ጠባቂ ስለነበረ እኔም አልጠየቅሁም፤ ጥያቄው ሁሉ የመጣብኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው።

ደሙ በዚያው ቀን ማታ ቆሟል። ጉንጫቸው ትናንት ከሰኞው የበለጠ አብጦ ነበር፤ ዛሬ ግን ባለበት ነው። ሕመሙም ከመጀመሪያው ሌሊት እንደሚሻላቸው ይናገራሉ። ያስጨነቀኝ፣ ዛሬ ጠዋት በስልኬ መብራት አፋቸውን ሳይ ጉድጓዱን ነጭ፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነገር ሸፍኖት ማግኘቴ ነው። ጎረቤታችን አይተው «ይህማ መግል ነው» አሉና ልጃቸው ባለፈው ዓመት ታሞ ሳይጨርሰው የተረፈውን አሞክሳሲሊን አምጥተው ሰጡን። እናቴ በበኩላቸው የምግብ ትርፍራፊ መስሏቸው በስቴኪኒ ሊያወጡት ሲሞክሩ ደርሼባቸዋለሁ።

ሌላው ነገር ጾሙ ነው። እናቴ ዓቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚጾሙ ናቸው፤ ጥርስ አስነቀልሁ ብለው የሚያቋርጡ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ይህ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ፣ አፋቸውን በምንና እንዴት እንደምናጸዳ፣ አሞክሳሲሊኑን እናስጀምራቸው እንደሆነና ምን ቢበሉ እንደሚሻል የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ዳማከሴ»

እግዚአብሔር ይማርልዎት። በእኛ ቤት ጥርሱ የተነቀለ ሰው በሞቀ የጨው ውሃ ደጋግሞ ይጉመጠመጣል፤ ከዚያም አረቄ የነካ ጥጥ ጉድጓዱ ላይ ይደረግለታል። ያቃጥላል፤ ግን ያደርቀዋል። ቅርንፉድ ማኘክም ሽታውን ያጠፋል። አያቴ ከዚህ ሌላ የጥርስ መድኃኒት ሳያውቁ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ሲያርፉ አፋቸው ውስጥ የቀረው ጥርስ ሁለት ብቻ መሆኑን ግን መደበቅ አልችልም።

መልስ፦ ከ«የድሮ አጫሽ»

ዳማከሴ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የአረቄው ነገር ይቅርባቸው። «ያደርቀዋል» ያሉት ቃል ራሱ እኔን ያስደነግጠኛል፤ ምክንያቱም እኔን ያሠቃየኝ የጉድጓዱ መድረቅ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንደ እርሳቸው የታችኛውን መንጋጋ አስነቅዬ ነበር። የደሙ ጣዕም ስለቀፈፈኝ በዚያው ማታ አፌን በውሃ በኃይል ተጉመጥምጬ ደጋግሜ ተፋሁ፤ በማግሥቱም ሲጋራ አጨስሁ። ሁለተኛው ቀን ደህና ነበር፤ እንዲያውም ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት የመጣብኝ ሕመም ግን ከመነቀሉ በፊት ከነበረው ይብስ ነበር፤ ከመንጋጋዬ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬና ወደ ሰሪሳራዬ ይወጣል፣ ማስታገሻ ስውጥ ለአንድ ሰዓት ዝም ይልና ይመለሳል፣ አፌም ለራሴ እስኪታወቀኝ ይሸት ነበር። በመስተዋት ሳየው በጉድጓዱ ውስጥ ነጭም ቀይም ሽፋን የለም፤ ባዶ ነው፤ ከሥሩ አጥንቱ ይታያል። ወደ ክሊኒክ ስሄድ ጉድጓዱን በንጹሕ የጨው ፈሳሽ አጥበው ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት መድኃኒት የነካ ጎዝ ከተቱበት፤ ሕመሙ ከክሊኒኩ ግቢ ሳልወጣ ለቀቀኝ። ሁለት ጊዜ ቀየሩልኝና ከአሥር ቀን በኋላ ዳንሁ። የእናትዎ ጉድጓድ ባዶ ካልሆነና ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ ከእኔ የተሻለ መንገድ ላይ ናቸው።

መልስ፦ ከ«ድድና ጥርስ»

በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። እናትዎን ሳላያቸው ይህ ነው ብዬ መቁረጥ አልችልም፤ ነገር ግን የገለጹት ሁኔታ ከመግል ይልቅ በትክክለኛው ጊዜ ከታየ ጤናማ ሽፋን ጋር ይስማማል።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ከሥሩ ያለውን አጥንትና የነርቭ ጫፍ ይከድናል፤ አዲሱ ሥጋም የሚያድገው በእርሱ ላይ ተንጠላጥሎ ነው። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ፋይብሪን የሚባለው የደም ፕሮቲን በምራቅ ርሶ ላዩ ላይ ነጭ ወይም ቢጫማ ሆኖ ይታያል። በቆዳ ላይ ያለ ቁስል በአየር ደርቆ ጠቆር ያለ ቅርፊት ያበጃል፤ የአፍ ቁስል ግን ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ቅርፊቱ ነጭና ለስላሳ ይሆናል። በየሳምንቱ ይህን ቅርፊት በስቴኪኒ፣ በጥፍር፣ አንዳንዴም በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ፍቀው አውጥተው «መግሉን አጸዳሁት» ብለው የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ የሚመጡትም ደሙ እንደገና ስለጀመራቸው ወይም የድሮ አጫሽ የገለጹት ሕመም ስለያዛቸው ነው። ስለዚህ ስቴኪኒው ከቤት ይጥፋ። መግል ቢሆን ኖሮ ጉንጫቸውን ከውጭ ሲጫኑት ፈሳሽ ይወጣል፣ ጣዕሙም ያስጠላቸዋል፣ እብጠቱና ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መቀነሱን ትቶ ይጨምራል፣ ትኩሳትም ሊከተል ይችላል። በጉድጓዱ መልክ ላይ ብዙ አይፍረዱ፤ ዛሬ ከትናንት ይሻላቸዋል ወይስ ይብስባቸዋል የሚለውን ይጠይቋቸው።

የድሮ አጫሽ የደረሰባቸው የረጋው ደም ያለጊዜው ወድቆ ወይም ሟሙቶ አጥንቱ ሲጋለጥ የሚመጣው ችግር ነው። ከተራ ነቀላ በኋላ ከመቶ ሰው ከ1 እስከ 5 የሚሆኑትን ያጋጥማል፤ የተቀበረ የታችኛው መጨረሻ መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን ከመቶው እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ከላይኛው ይልቅ የታችኛው መንጋጋ፣ በቀላሉ ከወጣ ይልቅ የታገለ ጥርስ፣ ከማያጨስ ይልቅ የሚያጨስ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። የእናትዎ ጥርስ የታችኛው መንጋጋ ስለሆነና ስለታገለ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ይከታተሏቸው።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። ዳማከሴ «የሞቀ» ያሉትን ውሃ እኔ «ለብ ያለ» ብዬ አርማለሁ፤ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ትኩስ ውሃ ግን የረጋውን ደም ያሟሟዋል። የጨው ውሃ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ በእነዚያ ሰዓታት መጉመጥመጥም፣ መትፋትም፣ በስትሮ መምጠጥም ደሙን ነቅሎ ሊያወጣው ይችላል። እናትዎ ያን ጊዜ አልፈውታል። አሁን ተፈልቶ በበረደ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፤ ከበሉ በኋላ ሁሉና ከመተኛታቸው በፊት በአፋቸው ይዘው ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ያድርጉና ውሃው ከአፋቸው በራሱ እንዲፈስ ይልቀቁት። በጉንጭ ማንቀጥቀጥና በኃይል መትፋት አያስፈልግም፤ የግፊት ሕመምተኛ ስለሆኑም አይዋጡት። ይህን ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀጥሉ። ሌሎቹን ጥርሶች በለስላሳ ብሩሽ ጠዋትና ማታ ይቦርሹ፤ ሰው ቁስሉን ፈርቶ አፉን በሙሉ ሳያጸዳ ሲከርም ቁስሉ ራሱ ይበከላል። በመፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ስንጥሩ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚገባ በዚያ በኩል ለሁለት ሳምንት ይተዉት።

በረዶ በጉንጭ ላይ መያዝ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ አሁን ፊታቸው ላይ ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ማድረግ ይሻላል። እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጫፉ ላይ ደርሶ ከዚያ ይቀንሳል፤ የትናንቱ ማበጥ ከዚህ የወጣ አይደለም።

አሞክሳሲሊኑን ለጎረቤትዎ አመስግነው ይመልሱላቸው። ትኩሳትና የሚስፋፋ እብጠት በሌለበት ለተነቀለ ጥርስ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ ከሰው የተረፉ ጥቂት ፍሬዎች ተህዋሲያኑን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን ያለማምዷቸዋል። ለሕመሙ የሚስማማቸው ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ፤ የጉበት ሕመም ካለባቸው ወይም በጣም የከሱ ከሆነ ግን መጠኑ ስለሚቀንስ ሐኪም ይጠይቁ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፍናክ ለጥርስ ሕመም ጥሩ መድኃኒቶች ቢሆኑም ስኳርና ግፊት ያለበት፣ ኢናላፕሪልም የሚወስድ ሰው ላይ ኩላሊትን ሊጎዱና ግፊቱን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ደግሞ ጨጓራን ያቆስላሉ። አስፒሪን ፈጭቶ ድድ ላይ መነስነስ ድዱን ያቃጥላል። አረቄም እንዲሁ ነው።

እግረ መንገዴን ሌላ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጥርስ አስነቅላለሁ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ የለበትም፤ የማቅጠኛው መቋረጥ የሚያመጣው አደጋ ከድድ ደም መፍሰስ የከፋ ነው። አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ደሙ ቤት ከደረሱ በኋላ ካላቆመ ንጹሕ ጎዝ አጥፎ፣ ጎዝ ከሌለም በውሃ ርሶ የተጨመቀ የጥቁር ሻይ ከረጢት ጉድጓዱ ላይ አድርጎ በየደቂቃው እያነሡ ሳያዩ ለ30 ደቂቃ አጥብቆ መንከስ ነው። ከዚያ በኋላም ከፈሰሰ ወደ ሐኪም። ምራቅ ለአንድ ቀን ያህል ሮዝ መምሰሉ ግን አያስደነግጥ።

እብጠቱ ወደ አገጫቸው ሥርና ወደ አንገታቸው ከወረደ፣ አፋቸውን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃታቸው፣ ምላሳቸው ወደ ላይ ከተነሣ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ነገ ይነጋል ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

መልስ፦ ከ«የሌሊት ተረኛ»

ነርስ ነኝ፤ በስኳር ሕመምተኞች ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ጉድጓዱ የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁላችንም አፋቸው ውስጥ ስናይ ጾሙን ዘለልነው፤ እኔን ከነጩ ሽፋን ይልቅ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው።

ግሊቤንክላሚድ ሰው በላም አልበላም ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ይገፋዋል። እናትዎ ማለዳ ውጠው እስከ 9 ሰዓት የማይቀምሱ ከሆነ፣ በ9 ሰዓትም ጥርሳቸው ስለሚያማቸው ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ከሆነ የሚበሉት፣ ስኳራቸው አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ማዞር፣ የንግግር መወላገድ ሲታይ የጥርሱ ሕመም ነው ብለው እንዳይተዉት። ወዲያው ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰው ይለኩ፤ ከተስተካከለ በኋላ ምግብ ይስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙት፤ መጠኑ ለእነዚህ ቀናት ይቀነስ እንደሆነ የስኳር ሐኪማቸውን ነገ ጠዋት ይጠይቁ።

ጾሙን በተመለከተ፣ እርስዎ ከሚከራከሯቸው ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይቀላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምትፈቅድ እኔ ካገኘኋቸው አባቶች አንዱም አልካደም፤ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛውን «ብላ» ብለው የሚገሥጹት እነርሱ ናቸው። ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ሳይደርሱም ለስላሳ ምግብ ሞልቷል፦ በርበሬ ያልገባበት አልጫ ሽሮ በእንጀራ ርሶ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች፣ የተፈጨ የክክ አልጫ፣ አቮካዶ፣ ስኳር ያልተጨመረበት የበረደ አጥሚት። ሁሉም ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ይሁን፤ በቀኝ በኩልም ያኝኩት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሰሊጥና ሚጥሚጣ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ጥርስ የተነቀለ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ጣፋጭ ጁስ ደግሞ ለእርሳቸው አይሆንም፤ ስኳር ሲወጣ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይዳከማሉ፣ ቁስሉም ይዘገያል።

ቀጋ፣ ዓርብ ጠዋት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ እናቴ «አዞረኝ» ብለው ተኙ። እውነቱን ለመናገር የሌሊት ተረኛን ጽሑፍ ባላነብ ኖሮ የጥርሱ ድካም ነው ብዬ ጋቢ አልብሼ እተዋቸው ነበር። ስለካቸው 61 ነበር። ስኳሩን በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ 94 ሆነ። የስኳር ሐኪማቸው በስልክ የግሊቤንክላሚዱን መጠን ቀንሰውላቸዋል፤ የንስሐ አባታቸውም ከሰዓት መጥተው ቁርስ እንዲበሉ አዝዘዋቸዋል። እናቴ ለሐኪሙ ሳይሆን ለእርሳቸው ታዘዋል፤ ቢሆንም በልተዋል።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል፣ ከትናንት ማታ ጀምሮም ማስታገሻ አልጠየቁም። ነጩ ሽፋን አለ፤ ዳሩ ላይ ሮዝ ሥጋ እየመጣ ይመስላል። አዲሱ ነገር፣ ምላሳቸውን ሲያስነኩት በጉድጓዱ ጠርዝ በኩል ሹል ነገር እንደሚወጋቸው መናገራቸው ነው፤ የጥርሱ ሥር ሳይወጣ ቀርቶ ይሆን ብለው ፈርተዋል። ደግሞስ በቦታው ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስገባት ቢፈልጉ ከመቼ ጀምሮ ይቻላል?

መልስ፦ ከ«ድድና ጥርስ»

የስኳሩን ነገር የሌሊት ተረኛ ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ እኔ ስለ ማስታገሻው ስጽፍ አልፌው ሄጃለሁ።

ሹሉ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱን ከብቦ የነበረው የአጥንት ጠርዝ ነው። በተለይ ታግሎ በወጣ ጥርስ ላይ ጠርዙ ሳይስተካከል ይቀርና ድዱ ሲሸሽ ምላስን ይወጋል፤ ብዙውን ጊዜ አጥንቱ ራሱ በሳምንታት ውስጥ ይለዝባል፣ አንዳንዴም እንደ ስንዴ ቅንጣት ያለች የአጥንት ስባሪ ድዱን በስታ ትወጣለች። በእጅ መጎተት አይገባም። ሥሩ ቀርቶ ይሆን የሚለውን ግን በግምት መመለስ ስለማይቻል ነቃዩ ሐኪም ዘንድ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ፤ አንዲት ትንሽ ኤክስሬይ ትቆርጠዋለች፤ ሹሉ አጥንት የሚያስቸግራቸው ከሆነም በማደንዘዣ በጥቂት ደቂቃ ይሞረዳል።

ድዱ ጉድጓዱን ለመክደን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ ከሥሩ አጥንት ለመሙላት ግን ወራት ይወስዳል። በእነዚህ ወራት የመንጋጋው አጥንት በወርድም በቁመትም እየሰለለ ስለሚሄድ አሁን በችኮላ የተለካ ተነቃይ ጥርስ ትንሽ ቆይቶ ይላላል። ስለዚህ ለተነቃይ ጥርስ ልኬቱን ከ2 እስከ 3 ወር ማቆየት ይሻላል። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ የስኳር መለኪያ ደብተራቸውን ይያዙ፤ ቁርስ በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው፣ ከተቻለም በጠዋቱ ተራ ይግቡ።